የትምህርት ቤቱ ጓሮ ተረኛ ማን ነው?

በዚህ ዕትም ለአንባቢያን ጥያቄ አምድ የተመረጡት አራት ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። እርሱም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአትክልት ቦታ፣ ይህንንም ቦታ በጉልበታቸውና በገንዘባቸው የሚደግፉት ወላጆች፣ ጎረቤቶችና በጎ ፈቃደኞች ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ የሰጠነው የሌሎቹም ግማሽ መልስ በውስጡ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ ልጆቼ በሚማሩበት የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። አምና ጥቅምት ላይ ሰባ የምንሆን ወላጆችና የሰፈር ወጣቶች ተሰብስበን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ መነጠርን፤ ስድስት መደብ አውጥተን ቆስጣ፣ ካሮት፣ ሰላጣና ጎመን ዘራን። ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ፎቶግራፍም ተነሥተን በደስታ ተለያየን። ኅዳር ሲገባ ግን ውሃ የምታጠጣው አንዲት የአካባቢ ሳይንስ መምህርት ብቻ ሆነች። ጥር ላይ ግማሹ ደረቀ። ክረምቱን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ መስከረም ስንመለስ አረሙ ወገብ ደርሶ አገኘነው። ዘንድሮ እንደገና ብንጠራ ማን ይመጣል? ሰው በጎ ፈቃድ አጥቷል ማለት ነው ወይስ እኛ ያጠፋነው ነገር አለ?

የተማሪ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በጎ ፈቃዱስ አልጠፋም። ሰባ ሰው በዕረፍት ቀኑ ዶማና አካፋ ይዞ ከወጣ ሰፈሩ ለትምህርት ቤቱ ልቡ ቅርብ ነው። ነገር ግን ሰባው ሰው የተጠራው ለአንድ ቀን ነበር፤ ለአንድ ቀን የተጠራ ሰው አንድ ቀን ሠርቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ቢሄድ ቃሉን አጠፈ አይባልም። ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ማንም አልተጠራም። ስለዚህ የቀረችው ወትሮም ከቦታው የማትጠፋው መምህርት ነች።

ገበሬው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቤት ማቆም ወይም የደረሰ አዝመራ ዝናብ ሳይቀድመው ማጨድ ሲኖርበት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ብዙ ክንድ የሚፈልግ ሥራ ሲያጋጥመው፣ ጠላ ጠምቆና እንጀራ ጋግሮ ደቦ ይጠራል። በየጊዜው ለሚመላለስ ሥራ ግን በብዙ አካባቢ ወንፈል ይገባል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረመ ነገ የሌላው ነው፣ ተራው ይታወቃል፣ የተበደሩት ጉልበትም እንደ ገንዘብ ይመለሳል። የእናንተ የጥቅምት ውሎ የተሳካ ደቦ ነበር፤ የጎደለው ወንፈሉ ነው። መሬት መመንጠር፣ መደብ ማውጣት፣ አጥር ማጠርና የብስባሽ ጉድጓድ መቆፈር የደቦ ሥራ ነው። ውሃ ማጠጣት፣ መኮትኮትና ማረም ግን አንድ ሰው በተራው ግማሽ ሰዓት የሚቆይበት ሥራ እንጂ ሰባ ሰው በአንድ ጠዋት ጨርሶት የሚሄደው አይደለም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ «ጽድቀት» የሚለውን ቃል ደጋግመን እንሰማለን፤ የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይቆጠር ለማለት ነው። ለቆስጣም ቢሆን ልኩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር የዘመን አቆጣጠሩ ነው፤ በእኔ ግምት ጓሮውን ከሰው መቅረት ይበልጥ የጎዳው እርሱ ነው። የትምህርት ዘመናችን ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ ዋናው ዝናብ ደግሞ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም። ሰማዩ ያለ ክፍያ በሚያጠጣበት ወራት ልጆቹ ቤታቸው ናቸው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ወራት ሰማዩ ደረቅ ነው። እናንተም ጥቅምት ላይ ስትዘሩ ዝናቡን ሸኝታችሁ ከበጋው ጋር ፊት ለፊት ተገናኛችሁ።

ይህ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን አራት ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። ስድስቱ መደቦች እያንዳንዳቸው አሥር ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ስፋት አላቸው ብንል ጠቅላላ ስፋታቸው 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በቀን 240 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 12 ጀሪካን ውሃ ያስፈልጋቸዋል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር የዋለች አንዲት መምህርት ይህን ስትሸከም ጥር ላይ ግማሹ መድረቁ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው ግማሹ መትረፉ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ስድስቱንም መደብ አትዝሩ። ሦስቱን ብቻ፣ አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ሳይለቅ፣ አሁኑኑ በቆስጣና በጎመን ችግኝ ሙሉ። ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ለቆረጣ ይደርሳል፤ ከዚያም የውጭ የውጭውን ቅጠል እየቆረጡ የመካከሉን ካልነኩት ለብዙ ሳምንታት ይሰጣል። ሕፃናት የዘሩት ነገር ሳይረሱት ሊደርስላቸው ይገባልና ለመጀመሪያው ዓመት ከሽንኩርትና ከጥቅል ጎመን ቆስጣን እመርጣለሁ። በቀሩት ሦስት መደቦች ላይ የነቀላችሁትን አረም፣ ዘር ያልያዘውን ብቻ እየለያችሁ፣ ከደረቅ ሣር ጋር ጎዝጉዙበት። ጉዝጓዙ ለቀጣዩ ዘር አፈሩን ያለሰልሰዋል። የተዘራው መደብ ላይም በችግኞቹ መካከል ደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝ ፀሐዩ የሚወስደውን እርጥበት ይቀንሳል፤ ለተረኛው ደግሞ ጀሪካን ያስቀርለታል።

ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ ተማሪዎቹ ስድስቱንም መደብ ባቄላ ይዝሩባቸው። ባቄላ የደጋ ሰብል ነው፤ ዝናቡ ያበቅለዋል፣ ሥሩ ላይ በሚያድሩት ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፣ ቁመቱም ለአረም ቦታ አይሰጥም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ጊዜው ነው። ሰኔ መጨረሻ የተዘራ ባቄላ እሸቱ የሚደርሰው በመስከረም መጨረሻ ነውና ልጆቹ ሲመለሱ ወገብ የደረሰ አረም ሳይሆን እሸት ይቀበላቸዋል። በመካከሉ የሚያስፈልገው ሁለት የአረም ቀን ብቻ ነው፤ አንዱ ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ሁለተኛው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ። ለዚህ ደግሞ ሰው አለ። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰማሩት የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየወረዳው ሥራ ይመደብላቸዋል፤ እናንተም ሰኔ ሳያልቅ ወረዳው ዘንድ ቀርባችሁ ሁለቱን ቀናት በዕቅድ አስይዙ።

ባቄላን የመረጥሁት በሌላም ምክንያት ነው፤ ቡቃያው ትልቅ ስለሆነ ማንም ከአረም ይለየዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት አንድ ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶችን «ይህን መደብ አርሙልን» ብዬ ወደ ሌላ ሥራ ሄድሁ። መደቡ ላይ ካሮት በቅሎ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ካሮት በዚያ ዕድሜው ሁለት ቀጫጭን ቅጠል ያለው፣ ሣር የሚመስል ነገር ነው። ስመለስ ወጣቶቹ አንዲት ሳያስቀሩ፣ በመስመር በመስመር፣ በሚያስመሰግን ትጋት ነቅለውታል፤ በየመካከሉ የበቀለውን መጭ የሚባል ለምለም አረም ደግሞ አትክልት መስሏቸው ኮትኩተውለታል። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ከሁሉ በፊት አንድ ቡቃያና አንድ አረም ነቅዬ መዳፌ ላይ ጎን ለጎን አሳያለሁ።

አሁን ወደ ተራው እንመለስ። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መግቢያ 34 ሳምንት ገደማ ነው። ሰባው ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ቢመደብ 35 ሳምንት ይሸፍናል። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ሰው የምትጠይቁት በዓመት አንድ ሳምንት ነው። «የትምህርት ቤቱን አትክልት ተንከባከቡ» የተባለ ሰው ሌላ ይንከባከበዋል ብሎ ይተኛል፤ «ከታኅሣሥ 15 እስከ 21 ተራው የእርስዎና የጎረቤትዎ ነው» የተባለ ሰው ግን ቀኑን ይቆጥራል። ሁለት ሰው ያልሁት አንዱ ቢታመም ወይም ለቅሶ ቢያጋጥመው ሌላው እንዲኖር ነው። የስም ዝርዝሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ የተረኛው ስም ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ቢነበብ ደግሞ ልጁ ማታ ቤት ገብቶ «ተራችን ነው» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ የበለጠ አስታዋሽ አላውቅም።

የሰፈሩ ዕድርም ይጠየቅ። ዕድር ጥሪ የሚያደርስበት መንገድ፣ ስም የሚጠራበት መዝገብ፣ ብዙ ጊዜም ዶማ፣ አካፋና ድንኳን አለው፤ ለደቦው ቀን ከዕድር ዕቃ ቤት የተሻለ አበዳሪ አታገኙም። መቀጮውን ግን ከዕድር አትቅዱ። ለቀብር ያልወጣ ቢቀጣ የአባልነት ግዴታውን ስለጣሰ ነው፤ በፈቃዱ የመጣን ሰው ግን መቀጮ የሚያርቀው እንጂ የሚያቀርበው አይሆንም። መምጣት ያልቻለ ተተኪ ይላክ፣ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ስሙን ያላነሡት አንድ ሰው አለ። ክረምት ከበጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይል ግቢው ውስጥ የሚገኘው ጥበቃው ነው። ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣ፣ ከኮሚቴው ሁሉ ይልቅ አፈር የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ የሚታወሰው በሩን እንዲከፍት ብቻ ነው። ምን የት እንደሚዘራ ምክሩን ጠይቁት፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እርሱ ይያዝ። ነገር ግን ውሃ ማጠጣቱን እንደ ተጨማሪ የሥራ ግዴታ አትጫኑበት፤ ተረኛ የጎደለበትን ቀን ከሸፈነ ኅብረቱ የድካሙን ይክፈለው፣ ከምርቱም ድርሻ ይኑረው።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ በጎ ፈቃደኛም ምርትም አለን፤ ጭቅጭቁ የተነሣው ጎመኑ ሲደርስ ነው። አንዳንዱ ተሸጦ ጠመኔና ወረቀት ይገዛበት ይላል፤ የደከሙ ወላጆች ድርሻችን የት አለ ይላሉ፤ የአትክልት ክበቡ ተማሪዎችም የሠራነው እኛ ነን ባዮች ናቸው። ለማን ይገባል?

መልስ፦ መምህር፣ ምርት ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ሁልጊዜ ያጣላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዙር ዘሩ መሬት ከመግባቱ በፊት ተሰብስባችሁ ወስኑ፤ ውሳኔውንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ የመጀመሪያው ቆረጣ የልጆቹ ነው። ተጠቦ፣ ተከትፎ፣ በዘይትና በሽንኩርት በስሎ፣ ከቤታቸው ባመጡት እንጀራ እዚያው ይብሉት። ጎመን አልወድም እያለ የሚያስቸግር ልጅ ራሱ ያጠጣውን ጎመን ሲሻማ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሳምንቱ ተረኞች አንዳንድ እሥር ይውሰዱ፤ ይህ ደመወዝ አይደለም፣ ከማሳ ባዶ እጅ አለመመለስ ነው። የተረፈው ለመምህራንና ለወላጆች ይሸጥ፤ ስንት እሥር በስንት ብር እንደተሸጠ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ ለዘርና ለመሣሪያ መጠገኛ ይዋል። ጠመኔና ወረቀት በበጀት የሚገዛ ነገር ነው፤ በልጆች ጎመን ሲገዛ ግን ጓሮው ቀስ በቀስ የገቢ ምንጭ ተብሎ ይታያል፣ ልጆቹም የቀን ሠራተኛ ይሆናሉ።

ከጓሮው ብዙ መጠበቅም ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። አዲስ አበባ ከተማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በሚያካሂደው የተማሪዎች ምገባ ምክንያት አትክልቱ ወጥ ቤቱን ይሞላል ብለው የሚያስቡ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ከአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ኪሎ ቆስጣ ቢገኝ እንደ መጀመሪያዋ ጠያቂያችን ያለ የ60 ካሬ ሜትር ጓሮ የሚሰጠው 120 ኪሎ ነው፤ ለ800 ተማሪ ሲካፈል በጠቅላላው ዙር ለአንድ ልጅ 150 ግራም ይደርሰዋል። ጓሮው መማሪያ እንጂ ቀለብ አይደለም። ይልቅስ ወጥ ቤት ባለበት ትምህርት ቤት ግንኙነቱ በሌላ አቅጣጫ ይጠቅማል፤ መጋቢ እናቶቹ የሚጥሉት የድንች፣ የካሮትና የሽንኩርት ልጣጭ በየቀኑ ለብስባሽ ክምሩ ቢሰጥ ማዳበሪያ መግዛት አያስፈልግም። ክምሩ በየአቅጣጫው ከአንድ ሜትር ባያንስ፣ እርጥቡና ደረቁ እየተደራረበ በየጊዜው ቢገላበጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ለመደብ ይደርሳል።

ስለ አካባቢዎ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚመታችሁ ቲማቲምና ድንች በዚያ ወቅት አትሞክሩ፤ ጎመኑ ይችለዋል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት ያለውን የአትክልት ቦታ በሰመር ዕረፍት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ሳምንት እየተመዘገበ ያጠጣዋል፤ እኛም ተራችንን ተወጥተናል። ይህን ካየሁ በኋላ ደሴ ለተማርሁበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ለመደገፍ ከአብሮ አደጎቼ ጋር 1,500 ዶላር አሰባስበናል። የጠብታ መስኖ ብንልክ ይሻላል ወይስ ገንዘቡን?

መልስ፦ የምዝገባውን ሐሳብ ከገንዘቡ ጋር ይላኩት፤ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ከመከርነው ተራ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እናንተ ዘንድ በዕረፍቱ ወራት የሚያስፈልገው ውሃ ሲሆን፣ ደሴ ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ስለሆነ አራሚ ነው የሚያስፈልገው።

የጠብታ መስኖ ለአሁኑ ይቆየን። ቀዳዳዎቹ በደለል ይደፈናሉ፤ ማጣሪያውን የሚያጸዳና የተበላሸውን የሚቀይር ሰው ካልኖረ በሁለተኛው ዓመት ቱቦው አጥር ማሰሪያ ይሆናል። ገንዘባችሁ አሸንዳና ሮቶ ይግዛ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ካለ፣ የሚፈሰውና የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል፤ የደሴ ሐምሌ ብቻውን ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይጥላል። ከሞላው ሮቶ፣ በመጀመሪያው መልስ ለስድስት መደብ እንዳሰላነው፣ በቀን 240 ሊትር ቢቀዳ የሚያደርሰው አርባ ቀን ገደማ ነውና በጋውን ሁሉ ያሻግራል ብለው አይጠብቁ፤ መደቦቹ በግማሽ ቢቀነሱ ግን ሰማንያ ቀን ይሆናል፣ ይህም ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ቢቆጠር ጥር ያስገባል።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አታውጡት። ሮቶው በድንጋይና በሲሚንቶ በተሠራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ ቧንቧው ቁልፍ ይኑረው፤ ከዚያ የተረፈው በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ተቀምጦ ለሦስት ዓመት የዘርና የጥገና ወጪ ይሁን። ክፍያው ለግለሰብ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ፣ በደረሰኝ ይፈጸም። የለጋሾች ስም የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ እንዲሠራ ሐሳብ ከቀረበላችሁ ደግሞ በትሕትና እምቢ በሉ፤ በዚያ ዋጋ ብዙ የውሃ ማጠጫ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ከወንዝ ዳር ነው። በጎ ፈቃደኞች በፓምፕ ከወንዙ ውሃ እንስብላችሁ ብለውናል፤ ብንቀበል ችግር አለው?

መልስ፦ አዎን፣ ችግር አለው፤ አትቀበሉ። የከተማዋ ወንዞች፣ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከነገባሮቻቸው፣ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸካሚዎች ናቸው። በእነርሱ ውሃ በሚለሙ ማሳዎች ላይ በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመንን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ እነዚህን ወደ ራሳቸው ከሚስቡት ዋነኞቹ ናቸው። መታጠብም ሆነ መቀቀል ብረቱን አያጠፋውም። ፓምፑን ሊሰጡ ያሰቡትን ሰዎች አመስግናችሁ በምትኩ አሸንዳ እንዲገጥሙላችሁ ጠይቋቸው፤ ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ወይም የባትሪ መጠገኛ ከነበረ ደግሞ አፈሩም አያስተማምንምና መደቦቹን ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ።